በአንድ ስልክ ውስጥ ስንት ሲስተም አለ?

የኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነቶች በተማሪ ደብተር ላይ በተራ ተደርድረው ይታያሉ፦ የነጠላ ተጠቃሚ፣ የብዙ ተጠቃሚ፣ ሪል ታይም። የሪል ታይም ምሳሌው ሁልጊዜ ሮኬት ነው። ደሴ ላይ ሮኬት ያየ ተማሪ የለም፤ ለፈተና ግን ይበቃል። አንዲት ተማሪ “ቲቸር፣ ስልክስ የትኛው ነው?” ብላ እስክትጠይቅ ድረስ እኔንም በቅቶኝ ነበር።

ክፍል ውስጥ ስልክ ክልክል ስለሆነ ጥያቄውን የቤት ሥራ አደረግሁት። ቤታችሁ ያለውን ስልክ ሴቲንግ ከፍታችሁ እዩ፣ ካልሆነላችሁ ፒያሳ ወርዳችሁ ስልክ ጠጋኞችን ጠይቁ አልኳቸው። ልጅ ዕቃውን ይዞ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚያደርግ አገራችን ውስጥ ታይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች የሞቶሮላ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ አንድሮይዱን ነካክተው ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስከፍተዋል።

የእኔዎቹ ይዘው የመጡት የመጀመሪያ ፍንጭ ቁጥር ነበር። ስለ ስልኩ የሚናገረው ገጽ “አንድሮይድ 11” ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ “ከርነል” (የሲስተሙ እምብርት) የሚል፣ በ4 የሚጀምር ሌላ ቁጥር አለ። ይህን ቁጥር ስንከተል ሊኑክስ ላይ ደረስን፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ማለት ነው። እሱ አርአያ ያደረገው ዩኒክስ ደግሞ በ1969 ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ የተጀመረና ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒውተር የሚጋሩበት ነበር። ጠያቂዋ ተማሪ በቤት ሥራዋ “የነጠላ ተጠቃሚ” ብላ የመደበችው ስልክ ትውልዱ ከብዙ ተጠቃሚ ነው! ይህ ውርስም ሥራ አልፈታም። አንድሮይድ እያንዳንዱን አፕ እንደ ራሱን የቻለ ተጠቃሚ ቆጥሮ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንድ የጌም አፕ የቴሌብርን ፋይል እንዳይከፍት የሚከለክለው አንዱ አጥር ይኼ ነው።

ሁለተኛውን ፍንጭ ያገኘነው ከአንድ ልጅ አያት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ልጁ ፒያሳ ይዞት ሄዶ ሲጠይቅ ጠጋኙ “አብሽር፣ ይኼማ ሲስተም የለውም” ብሎ ሸኘው። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩ አላሳመነኝም፤ እየተወራበት ሰዓት የሚቆጥር፣ መልእክት የሚቀበል ዕቃ ሥራውን የሚያከፋፍልለት አንድ ነገር ሊኖረው ግድ ነው።

አለውም። የሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው በርካታ ባለ ቁልፍ ስልኮች የሚሠሩት ኒውክለስ በተባለ ሲስተም ነው፤ ኒውክለስ ደግሞ ሪል ታይም፣ ማለትም ሥራውን በተወሰነለት ቅጽበት ማድረስ ያለበት ነው። ምክንያቱ ያለው ኔትወርኩ ላይ ነው። በ2ጂ አንዱን የሬዲዮ ሞገድ እስከ ስምንት ስልኮች በየተራ ይጋሩታል። የአንዱ ስልክ ተራ 577 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ማለትም ከሰከንድ አንድ ሺኛ ግማሽ ጥቂት የሚበልጥ። ዙሩ በ4.6 ሚሊ ሰከንድ ተመልሶ ይመጣል። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እየወረዱ ታክሲ ውስጥ ሲያወሩ ስልኩ ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው እየተሻገረ እንኳ ይህን ተራ መጠበቅ አለበት። ያመለጠው ድምፅ በኋላ ቢደርስ ለምንም አይሆንም፤ በሌላው ተራ ከገባ ደግሞ የሌላውን ወሬ ያበላሻል። ከሮኬቱ ይልቅ ሪል ታይምን ያስረዳልኝ ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ያቺው ተማሪ መልሳ ያዘችኝ፦ “ታዲያ የእኔ ስልክም ይደውላል እኮ!” እውነቷን ነው። ስልኮቹ ላይ ያለው ሊኑክስ ቪዲዮ እያጫወተ፣ አፕ እያዘመነ፣ ያቺን ቅጽበት ሳያዛንፍ ለመጠበቅ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ስልኩን ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘው ሞደም የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ሪል ታይም ሲስተም አለው። ማስረጃው ያንኑ ገጽ የከፈተ ሁሉ ዘሎት የሚያልፈው መስመር ነው፤ “ቤዝባንድ” ይላል፣ የሞደሙ ሶፍትዌር መለያ ነው። አያትየዋን በሳቅ የሸኘው ክፍል፣ በዘመናዊው ስልኩ ውስጥ የእሳቸውን ስልክ ሥራ የሚሠራ ሌላ ሲስተም ተሸክሞ ኖሯል።

ሲም ካርዱስ? እሱም ፕሮሰሰር አለው፤ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተምም አለው። ሦስት ብለን ልንዘጋው ስንል፣ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ያለው ልጅ “የእኔ አራት ነው” ብሎ ተከራከረ። ማርክ ሰጠሁት።