ተጨማሪ መረጃ፦ ጣቢያ የሌለው ሬዲዮ

ደቡብ ለንደን፣ ብሪክስተን፣ ኤሌክትሪክ አቬኑ ገበያ መሃል ቆማችሁ ሬዲዮ ብትከፍቱ የምትሰሙት ሰው የተከለው አንቴና የላከውን ነው። በፀሐይና በመሬት መካከል ያለው ባዶ የሚመስል ስፍራ ግን ጣቢያም ጋዜጠኛም ሳያስፈልገው ያሰራጫል።

ስፍራው በስሱ ፕላዝማ የተሞላ ነው፤ ፕላዝማ ማለት ከአተሞቹ ኤሌክትሮኖች ተላቀው ነፃ የሆኑበት ጋዝ ነው። የፀሐይ ፍንዳታ የብርሃን ፍጥነት ሲሶ ያህል ሊደርስ በሚችል ፍጥነት ኤሌክትሮኖችን ይረጫል። እነሱ ፕላዝማውን ሰንጥቀው ሲያልፉ የፕላዝማው ኤሌክትሮኖች እንደተነካ የክራር ጅማት ይርገበገባሉ። የዚህ ንዝረት ጥቂቱ ጉልበት ወደ ሬዲዮ ሞገድ ይለወጣል። ከፀሐይ በራቁ ቁጥር ፕላዝማው ስለሚሳሳ፣ ጅማቱ ሲላላ ድምፁ እንደሚወፍር ሁሉ፣ የሞገዱ ድግግሞሽ ይወርዳል።

በፌብሩዋሪ 1942 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ራዳሮች በጫጫታ ሲታወኩ ጀርመኖች ተጠረጠሩ። ጉዳዩን የመረመረው የፊዚክስ ባለሙያ ጄምስ ስታንሊ ሄይ ግን ጫጫታው ፀሐይን እንደሚከተል አስተዋለ። ጠላት ፍለጋ የሬዲዮ ሥነ ፈለክን አንድ እርምጃ አራመደ!

መሬት አካባቢ በ1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 5 ያህል ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ፤ የሞገዱ ድግግሞሽም 20 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው። ይህን ሞገድ አዮኖስፌር (የላይኛው ከባቢ አየር የፕላዝማ ሽፋን) መልሶ ስለሚያነጥረው ብሪክስተን አይደርስም፤ የሚያዳምጡት በ2020 እ.ኤ.አ. እንደመጠቀችው ሶላር ኦርቢተር ያሉ መንኮራኩሮች ናቸው።

ሞክሩ፦ ድግግሞሹን ለማግኘት በ1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያሉትን የኤሌክትሮኖች ብዛት ስኩዌር ሩት በ9 ኪሎ ኸርዝ አባዙ። ብዛቱ 400 ቢሆን ድግግሞሹ ስንት ይሆናል?