የሥነ ጽሑፍ ዋጋ በማን ሚዛን?

ስለ ሩካቤና ስለ ፆታ ፍቅር በግልጽ የሚተርኩ ድርሰቶች ኪነ ጥበባዊ ዋጋ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለው ክርክር ለምሁራን ብቻ የሚተው አይደለም። ከክርክሩ በስተጀርባ፣ ሠርቶ አደሩ ምን ማንበብ እንደሚገባው የሚወስነው ማን ነው የሚል መሠረታዊ ጥያቄ አለ። ይህንኑ ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ1960 በለንደን ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት የታየውን ጉዳይ ማስታወስ ይጠቅመናል።

የክሱ መነሻ ዲ. ኤች. ሎውረንስ የደረሰው «የሌዲ ቻተርሊ ፍቅረኛ» የተባለው ልብ ወለድ ነበር። ደራሲው የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነው። ድርሰቱም የአንድ ባላባት ሚስት በባሏ ርስት ተቀጥሮ ከሚሠራ የደን ጠባቂ ጋር የመሠረተችውን ፍቅር ይተርካል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1928 በፍሎረንስ በግል ከታተመ በኋላ፣ ያልተቆራረጠው ቅጂ በብሪታንያ ለ32 ዓመታት በይፋ ሳይወጣ ቆየ። ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ ድርጅት 200 ሺህ ቅጂ አዘጋጅቶ እያንዳንዱን በ3 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ለመሸጥ በተነሣ ጊዜ ክስ ተመሠረተበት።

የጉዳዩ መደባዊ ገጽታ ጎልቶ የወጣው እዚህ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሜርቪን ግሪፊዝ-ጆንስ በመክፈቻ ንግግሩ፣ ሚስቶቻቸው ወይም አገልጋዮቻቸው ይህን መጽሐፍ እንዲያነቡ ይፈቅዱ እንደሆነ የጁሪውን አባላት ጠየቀ። ከ12ቱ የጁሪ አባላት መካከል 3ቱ ሴቶች ነበሩ። ጥያቄው ያዘለው ግምት ግልጽ ነው፤ የጌታው ግብረ ገብ የጸና ሲሆን የሴቲቱና የሎሌው ግን በአንድ መጽሐፍ የሚናድ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ሕግ አንድ ድርሰት በተነጠሉ ገጾቹ ሳይሆን በሙሉነቱ እንዲመዘን ያዝዝ ነበር። ስለ ሥነ ጽሑፋዊ ዋጋውም ባለሙያዎች እንዲመሰክሩ ፈቅዷል። በዚሁ መሠረት 35 ምስክሮች ለመከላከያው ቆሙ። ከሠራተኛ ቤተሰብ የተገኘው መምህር ሪቻርድ ሆጋርትም አንዱ ነበር። የጁሪው አባላት መጽሐፉን ራሳቸው አንብበው ከጨረሱና ክርክሩን ካዳመጡ በኋላ፣ ኅዳር 2 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ድርጅቱን ነጻ አሉት።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን ወደ ተቃራኒው ስሕተት መውደቅ የለብንም። የሴትን ገላ እንደ ሸቀጥ ቸርችሮ ለማትረፍ የሚሻ ነጋዴም «ጥበብ ነው» በሚል ካባ ሊሸፈን ይሞክራል። ስለዚህ ሚዛናችን የቃሉ ግልጽነት ወይም ሽፍንነት ሊሆን አይችልም። ድርሰቱ ሰውን ከነሥራው፣ ከነችግሩና ከነኅሊናው ያሳየናል? ወይስ ከሕይወቱ ነጥሎ ሥጋውን ብቻ ለገበያ ያቀርባል? መጠየቅ ያለብን ይህንን ነው።

በአገራችንም የስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን የሌሊት ሕይወት በመተረኩ ለረጅም ዘመን ሳይታተም ኖሯል። አንዱ ባለጌ ይለዋል፤ ሌላው በሴተኛ አዳሪነት የሚኖሩ ሴቶችን ሕይወት ሳይሸፍን ያሳየ ይለዋል። ከሁለቱም ወገን መጽሐፉን ሳያነብ የሚፈርድ አይታጣም።

እንግዲህ በየሠፈሩ ቤተ መጻሕፍትና በየሥራ ቦታው የምንገኝ አንባብያን ከዚያ ጁሪ የምንቀስመው ትምህርት አለ። አስቀድመን መጽሐፉን በሙሉ እናንብብ፤ ቀጥለን እንወያይ፤ በተለይም ስለ እነርሱ የተጻፈላቸው ሴቶች የሚሉትን እናዳምጥ። ፍርዳችን ንባባችንን ይከተል እንጂ አይቅደመው።