ነጩ ዱቄትና የፀሐይ ብርሃን

ግድግዳ የሚቀባበት ነጭ ቀለም ንጣቱን ከየት እንደሚያገኝ ጠይቃችሁ ታውቁ ይሆን? በአብዛኛው የሚያነጣው ታይታንየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው። ይኸው ዱቄት በወረቀትና በአንዳንድ የጥርስ ሳሙና ውስጥም ይገኛል። እኔ ዛሬ ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ስለ ንጣቱ ሳይሆን ስለ ሌላ ጠባዩ ነው፤ ይኸውም ብርሃን ሲያርፍበት የቆሸሸ ውሃን ለማጥራትና ከውሃም ነዳጅ ለማውጣት መርዳቱ ነው።

በኬሚስትሪ ትምህርታችን እንደምናውቀው፥ ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ነገሮች ለውጥ የሚያፋጥን ነገር ነው። ሥራው እንደ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ሁለቱን ወገኖች ካገናኘ በኋላ ከጥሎሹ ሳይካፈል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፎቶካታሊስት የሚባለው ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ ነው። በጨለማ ግን እንደ ተራ ዱቄት ሆኖ ይቀመጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቂ ጕልበት ያለው ብርሃን በዱቄቱ ቅንጣት ላይ ሲያርፍ አንድ ኤሌክትሮን ከስፍራው ያስነሣል፤ የተነሣበትም ቦታ ባዶ ይቀራል። ባዶው ቦታ በአጠገቡ ካለው ውሃ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ከዚህም ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል እጅግ ኃይለኛ ነገር ይወለዳል። የተነሣው ኤሌክትሮን በበኩሉ በውሃው ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ተጋግዘው ማቅለሚያውን፥ ዘይቱንና ባክቴሪያውን ይሰባብራሉ። ነገር ግን ኤሌክትሮኑ ሥራውን ሳይሠራ ወደ ባዶው ቦታ የተመለሰ እንደሆነ፥ የተቀበለው ጕልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ከሊቃውንቱ ትልልቅ ትግሎች አንዱ ይህን መመለስ መከልከል ነው።

ይህን ዕውቀት በዓለም ያስታወቁት ጃፓናውያኑ አኪራ ፉጂሺማና መምህራቸው ኬኒቺ ሆንዳ ናቸው። ፉጂሺማ ምርምሩን በ1967 የጀመሩት ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ1972 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳስታወቁት፥ የታይታንየም ዳይኦክሳይድና የፕላቲነም ኤሌክትሮድ በሽቦ አገናኝተው በውሃ ውስጥ ካኖሩ በኋላ ብርሃን ቢያበሩበት፥ ከመጀመሪያው ኦክሲጅን ከሁለተኛውም ሃይድሮጅን ወጣ። ሃይድሮጅን ሲቃጠል ውሃ እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሰጥም። በ1973 በዓለም ላይ የነዳጅ ዘይት ችግር በደረሰ ጊዜ፥ ብዙ ሊቃውንት ይህን ምርምር በተስፋ ተመለከቱት።

ዱቄቱን ለመሥራት ካሉት መንገዶች አንዱ ሶል ጄል ይባላል። ታይታንየም ያለበት ፈሳሽ በአልኮል ተበርዞ ጥቂት በጥቂት ውሃ ሲጨመርበት እንደ እርጎ ይረጋል፤ ከዚያ ይደርቅና በ450 ወይም በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተኰሳል። በዚህ ጊዜ አናታዝ የተባለው ለሥራው የሚመረጠው ክሪስታል ይገኛል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ግን ወደ ሩታይል ይለወጣል፤ ቅንጣቶቹም ተጣብቀው ይተልቃሉ። ሥራው የሚሠራው በቅንጣቱ ገጽ ላይ ስለሆነ መድቀቁ ይጠቅማል፤ በገበያ ከታወቁት ዓይነቶች አንዱ 1 ግራሙ ብቻ 50 ካሬ ሜትር ያህል፥ ማለት የአንድ የመማሪያ ክፍል ወለል የሚያህል ገጽ አለው።

ታዲያ ይህን ያህል ጥቅም ካለው፥ ስለ ምን በየወንዙ ዳር አናየውም? ዋናው ምክንያት፥ ታይታንየም ዳይኦክሳይድ የሚቀበለው ከ390 ናኖሜትር ገደማ ያነሰውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ መሆኑ ነው፤ ይህም ወደ ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ጕልበት ከመቶ 5 ያህል ቢሆን ነው። የቀረው ሁሉ ለዱቄቱ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ነው። በ2020 የካዙናሪ ዶመን ጓዶች ስትሮንቲየም ታይታኔት ከተባለ ሌላ ዱቄት በሠሩት ካታሊስት፥ ከተመረጠው አልትራቫዮሌት ብርሃን ከመቶ 96 የሚጠጋውን ውሃ ለመክፈል አዋሉት። በ2021 ግን በዚያው ዓይነት ዱቄት የተሠራ 100 ካሬ ሜትር ገበታ በእውነተኛ ፀሐይ ሥር ሲሠራ፥ ከፀሐይ ጕልበት ወደ ሃይድሮጅን የለወጠው ቢበዛ ከመቶ 0.76 ነበር። እንግዲህ ጕድለቱ የሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን፥ ከብርሃኑ የሚደርሰው ድርሻ ማነስ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዓይን የሚታየውን ብርሃን የሚቀበል ካታሊስት እየተፈለገ ነው።

ውሃን በማጥራትም በኩል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማቅለሚያ ያለበት ውሃ ቀለሙ ስለጠፋ ብቻ ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም፤ የተሰባበረው ማቅለሚያ ስባሪ በውስጡ ሊቀር ይችላል፤ አንዳንዱም ስባሪ ከዋናው የከፋ መርዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በውሃው ውስጥ የቀረው ካርቦን መለካት አለበት። ደግሞም ብርሃን በድፍርስ ውሃ ውስጥ አያልፍም፤ ዱቄቱም ከሥራው በኋላ ተመልሶ መለቀም አለበት።

ይህን የምጽፈው ነገሩ እኛንም ስለሚመለከት ነው። የአቃቂ ወንዝ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚወጣ ቆሻሻ መበከሉ የታወቀ ነው። ፀሐይ አለችንና ዱቄት ብንበትን ይበቃል የሚል ሰው ቢመጣ አንመነው፤ ድፍርሱ አስቀድሞ ይጥለል፥ ከዚያ በኋላ የማይታየውን መርዝ ብርሃን ይጨርሰው። ይህ ከንቱ ነገር ነው የሚል ቢመጣም አንቀበለው፤ ሽማግሌው ሥራውን እንደሚያውቅ ታይቷልና። የቀረው ከብርሃኑ የሚገባውን ድርሻ እንዲያገኝ ማድረግ ነው፤ ይህም በፊዚክስና በኬሚስትሪ ክፍል የምንቀመጥ ተማሪዎች ልንካፈለው የምንችል ሥራ ነው።