ጋዝ የተከለከለው ለማን ነበር?

በሰኔ 1932 ዓ.ም. መጨረሻ የጣሊያን ጦር ድንበር ተሻግሮ በኬንያ ወገን በእንግሊዝ እጅ የነበረውን ሞያሌ ከበበ። ምሽጉን የያዙት የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደሮች ለሁለት ሳምንት ያህል ከተከላከሉ በኋላ በሌሊት ሾልከው ወጡ፤ ከተዳፋቱ ወርደው በጎልቦ ቆላ በኩል ወደ ደቡብ አፈገፈጉ። ቦታው በጥይትና በመድፍ ተለቀቀ እንጂ ጋዝ አልተረጨበትም።

ከአራት ዓመት ተኩል በፊት ግን በዚሁ በደቡብ ግንባር፣ በገናሌና በዶሎ በኩል፣ የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ አውሮፕላኖች በራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ ጥለዋል። ወራሪዋ ያችው ጣሊያን ናት፤ የፈረመችው ውልም አልተለወጠም። ታዲያ ራስ ደስታን ያልጋረደ ሕግ እንግሊዞችን እንዴት ጋረደ? የኬሚካል ጦር መሣሪያ ስምምነቶችን ነገር ለመረዳት ከዚህ ጥያቄ የተሻለ መነሻ አላውቅም። (የጦርነቱን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር፣ የውሎቹን ዓመት ደግሞ በአውሮፓውያን እጽፋለሁ።)

የመጀመሪያው ዋና ውል በ1925 የተፈረመው የጄኔቫ ፕሮቶኮል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጋዝ የታፈኑትና የታወሩት ገና ከሰው ዓይን ስላልጠፉ፣ አገሮች መርዛማ ጋዝ በጦርነት ላለመጠቀም ቃል ገቡ። ጣሊያን በ1928 አጸደቀችው። ኢትዮጵያም የጣሊያን ወረራ በጀመረበት ወር፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ገባችበት። በወረቀት ደረጃ ሁለቱም በአንድ ሕግ ሥር ነበሩ።

የውሉ ቀዳዳ ግን ሰፊ ነው። የከለከለው መጠቀምን ብቻ ነው፤ ጋዝ ማምረትም ሆነ በመጋዘን ማከማቸት አልተከለከለም። መርማሪ አላቆመም፤ ለጣሰ ቅጣት አልጻፈም። ከዚህም በላይ እንግሊዝና ፈረንሳይን የመሰሉ አገሮች «ጠላት ከጣሰው እኛንም አያስረንም» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገብተውበታል። ስለዚህ ውሉ በተግባር የሚያስፈራው ብድር መመለስ የሚችል ባለጋራ ሲኖር ነበር።

ኢትዮጵያ ብድር የምትመልስበት ጋዝ አልነበራትም። ሙሶሊኒ በጥቅምት 16 ቀን 1928 ለግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም ጋዝ በመጨረሻ አማራጭነት እንዲጠቀም ፈቀደለት። በታኅሣሥ 13 ቀን በተከዜ በኩል በነበረው የራስ እምሩ ጦር ላይ እንግዳ ቦምብ ወረደ፤ እንደ ለመዱት ፈንድቶ ፍንጣሪ አይበትንም፣ ተሰብሮ ፈሳሽ ያፈሳል። ፈሳሹ የነካው እጅ፣ እግርና ፊት ቆይቶ ውኃ ቋጠረ። ይህ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነው። ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው፤ በሣርና በአፈር ላይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ሕመሙ የሚጀምረውም ከነካ ከሰዓታት በኋላ ነው። በባዶ እግሩ ለሚዘምት ገበሬ ከዚህ የከፋ መሣሪያ አልነበረም።

ጣሊያኖች በኋላ ያቀረቡት ሰበብ አብራሪያቸው ቲቶ ሚኒቲ በደገሃቡር አካባቢ ተይዞ መገደሉን ነው፤ «አጸፋ ነው» አሉ። ሚኒቲ የሞተው ግን በታኅሣሥ 16 ነው። የተከዜው ቦምብ በሦስት ቀን፣ የሙሶሊኒ ፈቃድ ደግሞ በሁለት ወር ይቀድመዋል።

ለዓለም የሚናገር ምስክር አልጠፋም ነበር። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሐኪም ማርሴል ጁኖ በቆረም የተቃጠሉትን በዓይኑ አይቷል። የጄኔቫው ኮሚቴ ግን ገለልተኝነቱን ጠቅሶ ያለውን መረጃ ለመንግሥታቱ ማኅበር አላስረከበም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 በማኅበሩ ፊት ቆመው አውሮፕላኖች በመስመር ተሰልፈው መርዙን እንደ ጉም እንዴት እንደሚያዘንቡ አስረዱ። በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ ተነሣ። ከዚያም በሚያዝያ 1931፣ በሰሜን ሸዋ ዘረት፣ ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦች ላይ ያው ጋዝ ተተኮሰ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ነገሩን በይፋ ያመኑት በአውሮፓውያን 1996፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ ነው።

በሞያሌ ለምን አልተረጨም ለሚለው የእኔ መልስ አጭር ነው፦ እንግሊዝ ጋዝ ነበራት።

በ1993 ለፊርማ የቀረበው የኬሚካል ጦር መሣሪያ ስምምነት የጄኔቫውን ውል ቀዳዳ ለመድፈን ተጻፈ። መጠቀምን ብቻ ሳይሆን መሥራትን፣ መያዝን፣ ማከማቸትንና ለሌላ ማስተላለፍን ከለከለ። «ጠላቴ ከጀመረ» የሚል ቅድመ ሁኔታም አይቀበልም። መቀመጫውን በዘ ሄግ ያደረገ፣ የራሱ ተቆጣጣሪዎች ያሉት ድርጅት አቋቋመ። ኢትዮጵያ በ1996፣ ኬንያ በ1997 አጸደቁት፤ ዛሬ 193 አባል አገሮች አሉት። አባላቱ ያስመዘገቡት 72,304 ቶን መርዝ ተቃጥሎና መክኖ ያለቀው በ2023 ነው፤ የመጨረሻዋ አሜሪካ ነበረች።

ሞያሌ ላሉ ነጋዴዎችም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ስምምነቱ ኬሚካሎችን በሦስት ሠንጠረዥ ይከፍላል። አንደኛው እንደ ሳሪንና የሰናፍጭ ጋዝ ያሉትን ከጦርነት በቀር እምብዛም ጥቅም የሌላቸውን ይይዛል። ሦስተኛው ግን ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙባቸውን ነው፤ ለምሳሌ ለመዋቢያ ቅባትና ለሲሚንቶ ሥራ የሚገባው ትራይኤታኖላሚን እዚያ ውስጥ አለ። እንዲህ ያለው በርሜል አባል ወዳልሆነ አገር ሲላክ ማን ለምን እንደሚጠቀምበት የተቀባዩ መንግሥት በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ኢትዮጵያና ኬንያ ሁለቱም አባል ናቸው፤ የሁለቱም ጎረቤት የሆነችው ደቡብ ሱዳን ግን ከግብጽና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ካልፈረሙት ወገን ናት።

ክሎሪን ደግሞ በየትኛውም ሠንጠረዥ የለም፤ ውኃ የሚታከምበት ስለሆነ። ሰውን ለማፈን ከዋለ ግን የተከለከለ መሣሪያ ይሆናል፤ በሶርያ ይህ መፈጸሙን የድርጅቱ መርማሪዎች አረጋግጠዋል። አስለቃሽ ጭስም እንዲሁ ነው፦ ፖሊስ ሕግ ለማስከበር ሊይዘው ይችላል፣ ወታደር በጦር ሜዳ ሊጠቀምበት አይችልም። ብዙ ሰው የሚገረመው በዚህ ነው።

አዲሱ ውል ጥርስ አለው፤ ይሁንና ትልቁ ጥርሱ ገና አልነከሰም። አንድ አባል አገር ሌላውን ከጠረጠረ ተቆጣጣሪዎች ሳይዘገዩ ገብተው እንዲፈትሹ መጠየቅ ይችላል፣ የተጠረጠረውም አልቀበልም የማለት መብት የለውም። ስምምነቱ በ1997 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ይህን ፍተሻ የጠየቀ አንድም አገር የለም።