የፓስፖርት መዘግየት ቅጣቱን ማን ይክፈል?

በዓረብ አገር ቤተሰብ ይዞ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የፓስፖርት መዘግየት ወረፋ ጠብቆ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ሳዑዲ ውስጥ የሚስትና የልጆች ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የቆመው በአባወራው ኢቃማ ላይ ነው፤ የእሱም በፓስፖርቱ ላይ። ስለዚህ አንድ ፓስፖርት ሲቆይ ቤቱ በሙሉ አብሮ ይታሰራል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2020 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጥገኛ በወር 400 ሪያል ይከፈላል፤ ሚስትና ሁለት ልጆች ላለው በዓመት 14,400 ሪያል መሆኑ ነው። የኢቃማው ቀን ካለፈ ለመጀመሪያ ጊዜ 500፣ ለሁለተኛ ጊዜ 1,000 ሪያል ቅጣት አለ፤ በሦስተኛው ከአገር መባረር ይመጣል። ሕጉ ቀኑን ያያል፣ ማን እንዳዘገየው አይጠይቅም። እኔ የምለው፣ በጊዜው ያመለከተ ቤተሰብ ሌላው ላዘገየው መቀጣት የለበትም፤ የማመልከቻው ደረሰኝ ቆጠራውን ሊያቆምለት ይገባል።

«ቀደም ብሎ ለምን አላሳደሰም?» የሚሉ አሉ። ለአዋቂ ፓስፖርት ነገሩ እውነትነት አለው፤ ምንም እንኳ ሕግ እየከለከለ ፓስፖርቱን አሠሪው የያዘበት ሠራተኛ ቀድሞ ማሳደስ እንዴት እንደሚችል ባይገባኝም። አራስ ልጅ ግን ቀድሞ ሊያመለክት አይችልም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሕፃኑ በተወለደ በ120 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ሊወጣለት ይገባል፤ ካለፈ በቀን 100 ድርሃም ይቆጠራል፣ ከአገር መውጣትም አይፈቀድለትም። ፈቃዱ ፓስፖርት ይፈልጋል፤ ፓስፖርቱ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ማረጋገጫ፣ የቆንስላ ቀጠሮ፣ ከዚያም አገር ቤት ታትሞ መመለስን ይጠብቃል። ከእነዚህ አንዱ ዘግይቶ ፈቃዱ ከ120 ቀኑ 30 ቀን ካለፈ ወላጆች 3,000 ድርሃም ይከፍላሉ። ሊሴ ፓሴ (ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) መፍትሔ ነው የሚለውም አያስኬድም፤ ወደ አገር ቤት ያስገባል እንጂ መኖሪያ ፈቃድ አያሳድስም።

ማጭበርበር ስላለ ማጣራት ጊዜ ይወስዳል የሚለው መከራከሪያ ከበድ ይላል፣ አልክደውም። ነገር ግን አሻራው በመዝገብ ያለ ሰው የሚያሳድሰውንና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣውን ፓስፖርት በአንድ ሰልፍ ማሰለፍ ጥንቃቄ አይባልም። ተቀባዮቹ አገሮች እሺ አይሉም የሚለውን ደግሞ ራሳቸው አፍርሰውታል፤ በኮሮና ወቅት ሳዑዲ የብዙ የውጭ ዜጎችን ኢቃማ ያለ ክፍያ አራዝማለች። ያ የዓለም መቅሠፍት ስለነበር ነው ቢባል እንኳ፣ ዛሬ የሚጠየቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፦ ማመልከቻው ከማብቂያው ቀን በፊት መግባቱን ቆንስላው በደብዳቤ ሲያረጋግጥ፣ ፓስፖርቱ ታትሞ እስኪደርስ ቅጣቱ እንዳይቆጠር በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ውስጥ መጻፍ።