የባለቤቴ ሞተር ብስክሌት

በደሴ ከተማ አንድ ሰው ዕቃ ሊገዛ መሆኑ ከተሰማ ከሻጩ ቀድመው የሚደርሱለት መካሪዎች ናቸው። እኔና ባለቤቴ ከዕቁብ ባገኘናት ገንዘብ ሞተር ብስክሌት ልንገዛ ነው የሚለው ወሬ ከቧንቧ ውኃ እስከ ሸዋ በር ከተናኘ ወዲህ ምክሩን ያልለገሰን ወዳጅ የለም። የሚያስገርመው ግን መካሪው ሁሉ ዐይኑን ወደ እኔ አድርጎ መናገሩ ነው። የምትነዳው እርሷ መሆኗን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ይሉና ምክራቸውን እንደ ገና ለእኔው ይቀጥላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የእርሻ ባለሙያ ስትሆን የሥራዋ ቦታ በኩታበር ወረዳ ገጠር ነው። ማለዳ ከደሴ ተሳፍራ ትሄድና ከዋናው መንገድ ወርዳ ገበሬዎቹ ማሳ ዘንድ ለመድረስ ዳገቱን በእግሯ ስትወጣ፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ ትውላለች። በክረምት ጭቃው፣ በበጋ ፀሐዩ አለ። አንድ ቀን ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ እየዘፈዘፈች፣ «ወይ ሥራውን እለቃለሁ፣ ወይ ሞተር እገዛለሁ» አለችኝ። ሥራዋን ምን ያህል እንደምትወድ ስለማውቅ ሁለተኛውን መረጥሁ። ከዚያ በፊት ግን የነዳችው ነገር ቢኖር በልጅነቷ የአጎቷን ብስክሌት ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናዘዝ። ምርጫውን ለራሴ ወሰድሁት። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ጥቂት ጊዜ የሆነው ሰው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ኮምቦልቻ ላይ ያየኋት አንዲት ቀይ ሞተር ብስክሌት ልቤን ማረከችው። 250 ሲሲ ናት፤ የፊት መከላከያዋ እንደ ፈረስ አንገት ሽቅብ የቀና፣ ጎማዋ ጥርሳም፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ። ሻጩን ለምነን ለአንድ እሑድ ለሙከራ ተቀበልናትና መንዳት የሚያውቅ ወዳጃችን ቦሩ ሜዳ ድረስ ነድቶ አመጣልን። እኔ ራሴ ደኅና አድርጌ መንዳት የማልችል መሆኔን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ባለቤቴ የወደቀችው ስትሄድ አይደለም፤ ስትቆም ነው። ሃያ ሜትር ያህል ቀጥ ብላ ሄደች፤ ፍሬን ያዘች፤ እግሯን ወደ መሬት ሰደደች። መሬቱ ግን እግሯ በጠበቀው ቦታ አልነበረም። ያቺ ቀይ ሞተር እንደሚገነደስ ዛፍ በዝግታ ወደ ጎን ተጋደመች፤ የጋለው ማርሚታም ባቷን ለበለባት። ሞተሯን ያነሣናት ሁለት እረኞች አግዘውን ነው። ባለቤቴ አላለቀሰችም፤ ነገር ግን ቤት እስክንገባ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም።

በማግሥቱ፣ ሞተር ብስክሌት ሲጠግኑ ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ባቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ሲያዩ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ይድናል» ብለው አጽናኗትና ወደ እኔ ዞር አሉ። «አንተ ልጅ፣ ሞተሯን የመረጥካት ለሚስትህ ነው ወይስ ለዐይንህ?» መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ የነገሩንን በኋላ ካነበብሁት ጋር አስተያይቼ የምጽፈው፣ እንደ እኔ ያለ ችኩል ባል በየመሥሪያ ቤቱ እንደማይጠፋ ስለማምን ነው። ጀማሪን ቶሎ የሚጥለው መሮጥ ሳይሆን መቆምና መዞር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚለካው የመቀመጫው ከፍታ ነው። ለጭቃና ለአቧራ ውድድር የሚሠሩት ሞተሮች መቀመጫቸው ከመሬት ወደ 95 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቁመቷ አንድ ሜትር ከስድሳ ለማይሞላ ሴት ይህ አጥር ላይ እንደ መቀመጥ ነው። በውጭ አገር ለጀማሪ ከሚሠሩት አንዱ፣ የሆንዳው ሲ አር ኤፍ 125፣ መቀመጫው ከ80 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ90 ኪሎ ግራም በታች ነው። እኛ ስንዞር ያገኘናቸው ግን አብዛኞቹ የሕንድና የቻይና ሥራዎች ናቸው። ባጃጅ ሲባል ደሴ ላይ ሰው የሚያስበው ባለ ሦስት እግሩን ቢሆንም፣ ያው ፋብሪካ ቦክሰር የሚባለውን ባለ ሁለት እግርም ይሠራል። እነዚህ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ለእግር ይመቻሉ፤ ሆዳቸው ግን ለመሬት ስለሚቀርብ ድንጋይ ይነካቸዋል፣ ጎማቸውም ለአስፋልት የታሰበ ነው። ጎማውን በጥርሳም መለወጥ ይቻላል፤ የሰው እግር ግን አይረዝምም።

ሁለተኛው ፈተና እኔን ያስደነገጠኝ ነው። ሽማግሌው አንዲት 125 ሲሲ ሞተር መሬት ላይ አጋደሙና፣ «ነይ አንሺያት» አሏት። ላግዛት ብል በእጃቸው ከለከሉኝ። ጀርባዋን ለመቀመጫው ሰጥታ ቁጢጥ እንድትል፣ አንድ እጇን መሪው ላይ፣ አንዱን ከመቀመጫው በታች እንድታደርግ፣ በወገቧ ሳይሆን በጉልበቷ እንድትገፋ አሳዩዋት። በሦስተኛው ሙከራ ሞተሯ ቆመች። «ብቻሽን የማታነሺውን አትግዢ፤ ገደል አፋፍ ላይ ባል አይጠራም» አሉ። የፍሪሲዮኑን ማንሻም ደጋግማ እንድትጨብጠው አደረጉ፤ ጣቶቿ የማይደርሱበት ወይም ቶሎ የሚደክሙበት ከሆነ ሌላ መፈለግ ነው።

ወዳጆቻችን፣ «ትንሽ ሞተር የወሎን ዳገት አይወጣም» ማለታቸው ግን ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየሺሁ ሜትር ከኀይሉ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እዚህ የሚነዳ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ኀይል ሩብ ገደማ ጎድሎበታል ማለት ነው። 1,850 ሜትር ገደማ በሆነችው ኮምቦልቻ በደንብ የተስተካከለ ካርቡራተርም ደሴ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላውን ያጠቁረዋል። ብዙ ሰው «ሞተሬ ተበላሸ» ብሎ የሚጮኸው ማስተካከል ብቻ ለሚበቃው ነገር ነው። የሆነ ሆኖ ዳገቱን የሚያስወጣው አንደኛ ማርሽ ነው። የኋላውን የካቴና ጥርስ በተለቅ ያለ ቢለውጡት 125 ሲሲዋ ጭነት ይዛ ትወጣለች፤ የምትቀንሰው ፍጥነቷን ነው፣ ለጀማሪ ደግሞ ይህ ጉዳት አይደለም።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው። በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ የታወቁት ያማሃ ዲ ቲ 125 እና ኤ ጂ 100 ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ቀላልና ብርቱ መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ባለ ሁለት ምት ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ እንደ ባለ አራት ምቱ አይዝም፤ ነዳጁ ሲዘጋም ለሞተሩ የሚደርሰው ዘይት አብሮ ይቀንሳል። ነጂው በፍሬን ብቻ ሲወርድ ታምቡሩ ይግላል፤ የጋለ ታምቡር ደግሞ ሲረግጡት እሺ አይልም። ስለዚህ ለባለቤቴ ባለ አራት ምት ተፈረደላት፤ በሁለተኛ ማርሽ እየተያዘች እንድትወርድ።

አማቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፣ «ሱሪ ለብሳ ልትሄድ ነዋ!» አሉ። በ1916 እ.ኤ.አ. አውጉስታና አደላይን ቫን ቢዩረን የተባሉ ሁለት እኅትማማቾች አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በሞተር ብስክሌት ማቋረጣቸውን፣ በመንገድም የወንድ ልብስ ለብሳችኋል ተብለው መያዛቸውን፣ ሆኖም ከጦሳ እጅግ የሚበልጠውን የፓይክስ ፒክን ተራራ መውጣታቸውን ነገርኋቸው። አማቴ አልተደነቁም። ዝነኛዋ ዳንሰኛ ኢሳዶራ ደንከን በ1927 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር፣ በኒስ ከተማ፣ የአንገት ልብሷ በመኪና ጎማ ተጠምጥሞ እንደ ሞተች ስነግራቸው ግን ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። በማግሥቱ ለልጃቸው ወፍራም ሱሪ ገዝተው መጡ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነውን ጫማና የራስ ቁሩን እኛ ገዛን፤ የራስ ቁሩ ከማንም ያልተዋሰ አዲስ እንዲሆን ገንዘብ አልሰሰትንም፤ አንድ ጊዜ የተመታ ቁር ከውጭ ደኅና ቢመስልም ውስጡ የተሰበረ ሊሆን ይችላልና።

የቀረው ማስተማሩ ነበር። እኔ አላስተማርኋትም፤ መንዳቱን ብችልም ኖሮ ባላስተማርኋት። በቦሩ ሜዳ «ፍሬን! ፍሬን!» እያልሁ ስጮኽ የሰማችው ድምፄን እንጂ ሞተሩን እንዳልነበረ በኋላ ነግራኛለች። ያስተማረቻት ቀድማ መንዳት የለመደች የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከመነሣትና ከመቆም በቀር ምንም አላሠራቻትም። መንጃ ፈቃዷን እስክታወጣ ድረስም ወደ ዋናው መንገድ አልወጡም።

የገዛናት ሞተር ቀይ አይደለችም። ቀለሟ የደበዘዘ ሰማያዊ፣ 125 ሲሲ፣ ከአንድ ሰው እጅ የወጣች ናት። ስትገዛ እኔ ጥቂት ቆም ብዬ ነበር። ባለቤቴ ግን ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ተቀመጠችባት፤ ሁለቱንም እግሮቿን መሬት ላይ አሳረፈች፤ ከዚያም ፈገግ አለች።

ይህን ስጽፍ ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ትናንት ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከኩታበር እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ተመለሰች፤ ካቴናውን ጠርጋ ዘይት አስነካችው። ራት እስኪደርስ ድረስ አንድ ዙር እንሂድ ብዬ ለመንኋት። የራስ ቁሩን አቀበለችኝና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ና ውጣ፤ ግን መጀመሪያ ጋቢህን አስቀምጥ» አለችኝ።