ድንበር ገፊ የሚቀጣባት መንደር

እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ላክስተን የምትባል ጸጥ ያለች መንደር አለች። የጥንት ቤተ ክርስቲያንና ኖርማኖች ምሽግ የሠሩበት ጉብታ አላት፤ እነሱን ለጊዜው እለፏቸውና ወደ ማሳው ኑ፣ ጉዱ ያለው እዚያ ነው!

ድሮ በመካከለኛው እንግሊዝ ብዙው ገበሬ የሚያርሰው አጥር በሌለው ሰፊ ማሳ ላይ ነበር። ማሳው በቀጫጭን ረጃጅም ቁራሽ ይሸነሸንና የአንዱ ሰው ድርሻ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይገኛል። ለምን በአንድ ቦታ አልሆነም? ለሙም ጭንጫውም ለሁሉም እንዲዳረስ ነዋ። በኋላ ፓርላማው በሺህ የሚቆጠሩ አዋጆች እያወጣ ማሳዎቹ ተጠቃለው ታጠሩ፤ ብዙ ድሃም የግጦሽ መብቱን አጣ። ላክስተን ግን አመለጠች። ትልልቆቹ ባለርስቶች እርስ በርስ መስማማት ስላቃታቸው ነው ይባላል፤ ጠብም አንዳንዴ ይጠቅማል።

ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ በ1635 እ.ኤ.አ. የመንደሩን ካርታ ሲሠራ ቁራሾቹን አንድ በአንድ ከማስፈሩም በላይ የሚያርሱና የሚያጭዱ ትንንሽ ሰዎችን ሣለበት። ካርታው አሁን ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው። በካርታው ላይ ያሉት ደቡብ ማሳ፣ ምዕራብ ማሳና ወፍጮ ማሳ ዛሬም ይታረሳሉ፤ ቁራሾቹ ግን ለትራክተር እንዲመቹ ሰፍተዋል። አንዱ ብርድ ሳይገባ ስንዴ ይዘራበታል፣ ሌላው ብርዱ ሲያልፍ ይዘራል፤ ሦስተኛው ድሮ ጦሙን ያድር ነበር፣ አሁን ለከብት መኖ ይሆናል።

እኔን የሚገርመኝ የመንደሩ ሸንጎ ነው። በኖቬምበር መጨረሻ ከገበሬዎቹ የተመረጡ ዳኞች ስንዴ የተዘራበትን ማሳ ይዞራሉ። ቦዩ ተጠርጓል? መንገዱን ወይም የጋራውን ሣር በማረሻ የገፋ አለ? ካለ ትክክለኛው ወሰን ላይ ችካል ይመታሉ። በሳምንቱ ደቭኮት በሚባለው መጠጥ ቤት ሸንጎው ተቀምጦ ጥፋተኛውን በገንዘብ ይቀጣል፣ የሚቀጥለውን ዓመት ዳኞችም ያስምላል። ለወጉ ያህል እንዳይመስላችሁ፦ በ1977 የወጣ ሕግ የእንዲህ ያሉ ጥንታዊ ሸንጎዎችን የዳኝነት ሥልጣን ሲሽር የላክስተንን በስም ጠቅሶ ሳይነካ ትቶታል።

መሬቱን በ1952 የእርሻ ሚኒስቴር ገዝቶት ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ግን ወደ ቶርስቢ ርስት፣ ማለትም ወደ ቀድሞዎቹ ባለቤቶች ቤተሰብ ተመልሷል። መንደሩን ለማየት የሚሄድ ካለ ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ ትንሽ ሙዚየም አለ፤ ከዚያ ወደ ማሳዎቹ በእግር መውጣት ይቻላል።